ሳጥኑ ውስጥ የቀረ ትንፋሽ

ሞተሯ የሚሏት ተዋናይ የገዛ ድምጿን ተቀድቶ ስትሰማው ያ ቀን የመጀመሪያዋ አልነበረም። የገዛ ድምጿ ከሥራ ሲያስወጣት ያየችው ግን ያን ቀን ነው።

የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ የቴአትር ቤቱን የኋላ በር በክርኗ ገፍታ ገባች። ኮሪደሩ እንደ ወትሮው ቀለምና አሮጌ ጨርቅ ይሸታል። ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ ከመለማመጃው ክፍል «መንጋጋችሁን ልቀቁት… ማንም አይወስድባችሁም… ልቀቁት» የሚል ድምፅ መጣ። ቀልዱ የእሷ ነው። ድምፁም የእሷ ነው። እሷ ደረጃው ላይ አፏን ዘግታ ቆማለች፤ ድምጿ ደግሞ እዚያ ማዶ ሰው ያዛል።

በሩን ገርበብ አድርጋ አየች። ተዋንያኑ ክብ ሠርተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል። እሷ ትቆምበት በነበረው ቦታ በርጩማ ተቀምጧል፤ በርጩማው ላይ ጥቁር የድምፅ ማጉያ ሳጥን። ከተዋንያኑ አንዷ አንድ ዓይኗን ከፍታ አየቻት፣ በቅንድቧ ሰላም አለቻትና መልሳ ጨፈነች። አላቋረጠችም። ማሟሟቂያ በምንም ምክንያት አይቋረጥም የሚለውን ሕግ ያወጣችው ራሷ ሞተሯ ናት።

ስሙ የወጣላት በከንፈሯ ነው። ከንፈርን አላልቶ፣ ትንፋሽን ከሆድ እየገፉ ብርርርር ማሰኘት ለተዋናይ ድምፅ በጠዋት ፊት እንደ መታጠብ ነው። ቤት ውስጥ ጎረቤት አላስቀምጥ ስላላት ይህን የምታደርገው ወደ ሥራ ስትሄድ መንገድ ላይ ነበር። አንድ ቀን ጋሪ የሚገፋ ሰውዬ ከኋላው ሞተር ሳይክል የመጣበት መስሎት ጋሪውን ዳር አስያዘላት። ዞር ሲል ቀጭን ሴት ናት። «ነዳጅሽ ይለቅ» ብሎ ረገማት። ይህን ራሷ ሥራ ቦታ ደርሳ እየሳቀች አወራችው፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

ማሟሟቂያን የያዘችው በክፉ ቀን ነው። ገና ልጅ እግር ተዋናይ ሳለች፣ በዝናብ ስትሮጥ መጥታ፣ ልብሷን ብቻ ቀይራ፣ ቀዝቃዛ ጉሮሮዋን ይዛ መድረክ ወጣች። ሚናዋ የሞተ ወንድሟን አይታ መጮህ ነበር። ጮኸች። ድምጿ እንደ ጨርቅ ተቀደደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ሱቅ ሄዳ ሳሙና የምትገዛው በምልክት ነበር። ጡረታ የወጡ አንዲት የመድረክ ሴት ቤታቸው አስቀምጠው፣ ከመንጋጋ ጀምረው፣ ምላስ፣ ጎድን፣ አከርካሪ እያሉ እንደገና መተንፈስ አስተማሯት። ድምጿ ተመለሰ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የቴአትር ቤቱን ሰዎች በየትርኢቱ ቀን የምታሟሙቀው እሷ ሆነች፤ መድረክ ላይ ደግሞ ጎረቤት፣ ነርስ፣ ሎሚ ሻጭ እየሆነች ብቅ ትላለች።

ሥራው ለሚያየው ሰው ሥራ አይመስልም። ትልልቅ ሰዎች ምላሳቸውን ያወጣሉ፣ በግድ ያዛጋሉ፣ ባዶ አፍ ያኝካሉ፣ ከወገባቸው ታጥፈው እንደ ተሰቀለ ልብስ ይንጠለጠላሉ፣ እንደ ንብ እምምም ይላሉ። ሞተሯ ግን በመካከላቸው እየዞረች ታያለች። ማን ከሚስቱ ተጣልቶ እንደመጣ ከትከሻው፣ ማን ጉንፋኑን እንደደበቀ ከአንገቱ ታውቃለች። አፏም ስል ነው። «ሽቶ፣ ትከሻሽን ከጆሮሽ ላይ አውርጂው፤ ጉትቻ አይደለም» ትላለች፤ ሽቶ የምትባለው ከእሷ ቀድሞ ሽታዋ የሚገባ፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሚስት ሆና የምትጫወት ተዋናይ ናት። የቤቱን ትልቅ ሽማግሌ ጋሽ ነጎድጓድን እንኳ አትምራቸውም። «ጋሼ፣ የሳቡትን አየር ለማን እያስቀመጡት ነው?» ትላቸዋለች። እሳቸው ይስቃሉ። ከዚያ የመጨረሻው ረድፍ ወንበር ድረስ የሚያንቀጠቅጥ ድምፃቸውን ያወጣሉ።

ቅጂው የመጣው በደግነቷ ነው። ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት፣ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በር ሲገባ፣ «እኔ ስቀር እንዳትቸገሩ» ብላ የአልባሳት ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መጋረጃ በመሳብ ያረጁት እትዬ መጋረጃ ስልኳን ያዙላት። ማሟሟቂያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተናገረች ቀዳችው። ስታበቃ «በቃ፣ ይኼን እየሰማችሁ እስክመለስ ቆዩኝ» አለች። እንዲህ ያለ ሞኝነት የሚሠራ ሰው ሌላ ይኖር እንደሆነ አሁን በሩ ላይ ቆማ ራሷን ጠየቀች።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል።

«እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ተቀመጪ። ልጅቷ ቁርጥ አንቺን።»

«የምቆምበት ቦታ ላይ በርጩማ አለ» አለች ሞተሯ፣ ሳትቀመጥ።

«አየሽው? ትልቅ ነገር ነው ያደረግሽልን። እኔማ ስንት ጊዜ አመሰገንኩሽ መሰለሽ። ሰዓት አያሳልፍ፣ ፈቃድ አይጠይቅ፣ አይቆጣ…»

«ልጅ አይወልድ።»

«እሱን እኔ አላልኩም።»

«እኔ ጨረስኩልዎት።»

እስክሪብቶው ጠቅ ማለቱን አቆመ። «እንግዲህ ዝም ብለሽ አትቆጪ። ድምፁ በቤቱ ክፍል፣ በቤቱ ሰዓት ነው የተቀዳው። ሥራው እየተሠራ ነው። አንድን ሥራ ሁለቴ ላሠራው? ትንንሽ ሚና ሲመጣ እንጠራሻለን። ለጊዜው ነው።»

ለጊዜው የምትለዋን ቃል ሞተሯ አሳምራ ታውቃታለች። የኮሪደሩ አምፖል የተቃጠለው እሷ ገና ባል ሳታገባ ነው፤ ለጊዜው በመስኮቱ ብርሃን ተጠቀሙ ተብሎ ነበር። ይኸው ባል አግብታ፣ አርግዛ፣ ወልዳ ስትመጣም በመስኮቱ ብርሃን ነው የምትሄደው።

ንዴት ሲይዛት እንደ ሌላው ሰው ከጉሮሮዋ አትጮህም፤ ከሆዷ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ልጇን ሚጢጢን አስተኝታ፣ የታጠበውን ድስት እንደገና እያጠበች ጩኸቷን ጀመረች። ባሏ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ከሥራው ተመልሶ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ግማሹን ወሬ ከደጅ ሰምቶታል።

«ቀስ በይ፣ ግድግዳው የኪራይ ነው» አላት።

«ድምፄን ወሰዱት እኮ ነው የምልህ።»

«ክሰሻቸው።»

«ምን ብዬ? ራሴን ራሴ አባረርኩት ብዬ?»

ባሏ ፎጣ አንስቶ ድስቱን ማድረቅ ጀመረ።

«ሥራ አስኪያጁስ ሥራ አስኪያጅ ነው» አለች ቀጥላ። «የእነዚያን ሰዎች አከርካሪ አንድ በአንድ የማውቀው እኔ ነኝ። የጋሽ ነጎድጓድ ግራ ጎን ተሰብሮ የተጠገነ እንደሆነ ለሳጥኑ ማን ነገረው? እሺ፣ ይሄም ይቅር። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ 'ሴትዮዋ ስትመለስ ምን ትሆናለች' ብሎ አፉን አልከፈተም። አፍ መክፈት ያስተማርኳቸው እኔ።»

ባሏ ሳቁ መጣበትና ዋጠው። ደግ አደረገ።

ንዴቱ ሲያድር አልበረደም። ይባስ ብሎ መንጋጋዋ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ስታጠባ ጥርሷን እንደነከሰች ነው፤ ጠዋት ስትነሳ ጉንጯን ያማታል። የሌላውን ሰው መንጋጋ ስንት ዓመት ስትፈታ ኖራ የራሷን መፍታት አቃታት። ወይም አልፈለገችም።

እሑድ ጠዋት እትዬ መጋረጃ ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ መጥተሽ ትርኢቱን እይው እስቲ።»

«ምን ላደርግ? ሳጥኑን ላጨበጭብለት?»

«ኧረ ስሚኝ። ስንት ዘመን መጋረጃ ስስብ ኖሬአለሁ፤ አንድ ነገር ልክ አይደለም። ጋሽ ነጎድጓድ ይታመም አይታመም አልገባኝም።»

«ምን ሆኑ?»

«ያቃስታል።»

ሚጢጢን ለባሏ ትታ ሄደች። መሃል ረድፍ ላይ፣ ትኬት እንደገዛ ሰው ተቀመጠች። ቴአትሩን ታውቀዋለች። በአንድ ሽማግሌ ዳኛ ፊት የገዛ ልጁ ጥፋት አጥፍቶ ይቀርባል፤ መጨረሻ ላይ ይፈርድበታል። ያ ፍርድ የጋሽ ነጎድጓድ መታወቂያ ነበር። ረጅሙን ንግግር በአንድ ትንፋሽ ይሉታል፤ ተመልካቹ ሳያውቀው አብሯቸው ትንፋሹን ይይዝና እሳቸው ሲጨርሱ አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ ይተነፍሳል።

መጋረጃው ተከፈተ። ጋሽ ነጎድጓድ ከዳኝነት ወንበራቸው ሲነሱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ፤ እግራቸውን ከፈት አደረጉ፤ «እህህ» ብለው ተነሱ። ሞተሯ ግንባሯን ቋጠረች። ሚስታቸው ሽቶ ገባች። እሷም ከወንበር ስትነሳ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ቀጥሎ ዘበኛ ሆኖ የሚጫወተው ጎረምሳ፣ ጦር ይዞ የቆመው፣ ከመናገሩ በፊት «ኡፍ» አለ፤ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ተናገረ።

ከኋላዋ አንድ ሰውዬ ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» አለ።

«ዝም በል፣ አዝነው ነው።»

«ዘበኛው ምን ቤት ነው የሚያዝነው? እሱም እኮ ወገቡን ይዟል።»

ፍርዱ መጣ። ጋሽ ነጎድጓድ እጃቸውን ዘረጉ። «በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት… ኡፍ… አባትህ ሆኜ አይደለም… የዚህ ከተማ… ኡፍ… ቆይ… የዚህ ከተማ ዳኛ ሆኜ ነው።» አንድ ሰው ሳለ። ሌላም ሳለ። አዳራሹ እንደ ድሮው አንድ ላይ አልተነፈሰም፤ እየተቆራረጠ ተቁነጠነጠ።

ሞተሯ ያ ትንፋሽ የማን እንደሆነ አውቃለች። የእሷው ነው።

የአልባሳት ክፍሉ፣ ወንበሩ፣ የእትዬ መጋረጃ እጅ ላይ ያለው ስልክ ፊቷ መጣ። ያኔ ሚጢጢ ጎድኗ ስር ገብታ ተኝታለች፤ አየር ገና «ሳቡ» ከማለቷ «ልቀቁ» ትላለች፣ ከዚያ በላይ መያዝ አትችልማ። ሚጢጢ ስትራገጥ ሳታስበው «ኡፍ… ቆይ… እሺ፣ ቀጥሉ» ብላለች። መታጠፍ የሚባለውን ክፍል ጨርሶ ዘላዋለች፤ ማን ይታጠፋል በዚያ ሆድ? መጨረሻ ላይ ከወንበር ስትነሳ ደግሞ ራሷን እያባበለች «እስቲ እጅ ወገብ ላይ… እግር ከፈት… እህህ… ተነሳን» ስትል ስልኩ እየቀዳ ነበር። እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ አንድም ሳይቀንሱ ተምረውታል። ቴአትር ቤቱ በሙሉ እንደ እርጉዝ ሲተነፍስ ከርሟል።

ሳቅ አፈናት። ሻርፗን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። ሳቁ ገና ሳያልቅ ግን ያ ንዴት ተመልሶ መጣ፤ አሁን ሌላ መልክ ይዞ። ለስንት ዘመን አንድ በአንድ የሠራችውን አፍርሰውታል፤ ያፈረሱትም በገዛ ድምጿ ነው። ከተመልካቹ ሳል መሃል ተነስታ ወጣች።

በሚቀጥለው የትርኢት ቀን ሚጢጢን ታቅፋ ቀጥታ መለማመጃው ክፍል ገባች። ሳጥኑ በርጩማው ላይ ነው። ተዋንያኑ ክብ ሠርተዋል። እትዬ መጋረጃ ጥግ ላይ ገመድ ይጠቀልላሉ። ሁለት ልጅ እግር ተዋንያን መሬት ላይ ጋደም ብለው ያዛጋሉ፤ አንደኛው ስልኩን እየነካካ ነው።

«ሳቡ… ልቀቁ… ሳቡ… ኡፍ… ቆይ… እሺ፣ ቀጥሉ» አለ ሳጥኑ።

«ኡፍ» አለ ክፍሉ በሙሉ። የጋሽ ነጎድጓድ ከሁሉም ይጎላል።

ሞተሯ ሄዳ ሳጥኑን አጠፋችው።

ዓይኖች ተከፈቱ። ጋሽ ነጎድጓድ ጎንበስ ካሉበት ቀና አሉ፤ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። «ልጄ፣ ማሟሟቂያ አይቋረጥም ያልሽን አንቺ ነሽ።»

«ጋሼ፣ አሁን ያደረጉት ምን ይባላል?»

«የቱ?»

«ኡፍ ያሉት።»

«የታችኛው ትንፋሽ ነዋ» አሉ፣ ራሷ ያስተማረችውን እንዴት ትጠይቀኛለች በሚል ዓይን። «ከእምብርት በታች የቀረውን አየር ጠርጎ የሚያወጣው። ቅጂውን ስልኬ ላይ አስጭኜ ቤቴም ጠዋት ማታ እሠራዋለሁ። መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ያለሱ ዓረፍተ ነገር አልጀምርም።»

«ቆይ የሚለውስ?»

«ያዝ አድርጎ መጠበቅ። እስኪረጋ።»

ሞተሯ ሚጢጢን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «የታችኛው ትንፋሽ ይቺውልዎት። ረግጣኝ ነው።»

 ሚጢጢ እግሯን አወናጨፈች፤ ለማስረጃ ያህል።

ጋሽ ነጎድጓድ ልጅቷን አዩ። ሞተሯን አዩ። ወገባቸው ላይ ያለውን የገዛ እጃቸውን አዩት፤ ቀስ ብለው አነሱት። «ስለዚህ» አሉ፣ በዚያ የዳኛ ድምፃቸው፣ «ይኼን ሁሉ ጊዜ መድረክ ላይ ምጥ ይዞኝ ነበር በይኛ።»

ክፍሉ ፈነዳ። ሽቶ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። መሬት የተጋደሙት ልጆች ተንከባለሉ። ሞተሯ ግን አልሳቀችም፤ ሳቃቸው ደሟን አፈላው።

«ሳቁ» አለች። «እናንተ ምን አለባችሁ። ሽቶ፣ ያን ቀን በቅንድብሽ ሰላም አልሽኝ አይደል? አፍሽስ? እኔ እኮ የእያንዳንዳችሁን አፍ በሁለት እጄ ነው የከፈትኩት። ለእኔ አንድ ቀን ሊከፈት አልቻለም?»

ሳቁ ቆመ። ሽቶ ጣቶቿን አየች። «እውነቱን ልንገርሽ? ሳጥኑ አይቆጣንም። ሲደክመን ተኝተን እንሠራዋለን። አያየንማ።»

«አያያችሁም» አለች ሞተሯ። «እሱ ነበር ሥራዬ።»

ጋሽ ነጎድጓድ በርጩማው አጠገብ መጡ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «በእኔ ፍረጂ። እነሱ ልጆች ናቸው። ድምፄ እየሄደ መሰለኝ፤ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ሌላው መሻገር አቃተኝ። ለአንቺ ብዬ አፌን ብከፍት ሰውዬው ‹ሽማግሌው ራሱ አልቻለም› ብሎ ሚናዬን ለሌላ ይሰጥብኛል ብዬ ፈራሁ። ዝም አልኩሽ።»

ልቧ ትንሽ ራራ፤ መንጋጋዋ ግን አልራራም። «ድምፅዎ የትም አልሄደም ጋሼ። ትንፋሽ ነው ያሳጣሁዎት።»

በሩ ተከፈተና ሥራ አስኪያጁ ገባ፤ እስክሪብቶው በእጁ። «ምንድን ነው ሳቁ? ሰው መግባት ጀምሯል እኮ።»

እትዬ መጋረጃ ገመዳቸውን አስቀምጠው ነገሩት፤ የሴትዮዋ እርግዝና፣ የልጅቷ እርግጫ፣ የሰዎቹ ወገብ። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻ ሰማ። ፊቱ ላይ አሳብ ታየ። ሞተሯ ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረገች።

«ታዲያ ምን ያስቸግራል?» አለ። «አሁን ወልደሻል። ደህና አድርገሽ ድጋሚ ቅጂው። እንዲያውም ዛሬ።»

ከዚያ ሁሉ ነገር የሰማው ይህን ብቻ ነው። ሞተሯ በጉሮሮዋ ልትጮህ ከጫፍ ደረሰች፤ ቀዝቃዛ ጉሮሮዋን ይዛ፣ ያኔ በዝናቡ ቀን እንዳደረገችው። ቆመች። ትንፋሿን እስከ ታች ሳበች፤ ጎድኗ ተከፈተ፤ እዚያ ስር አሁን የሚረግጥ የለም።

«አልቀዳም» አለች። አልጮኸችም፤ ኮሪደሩ ጫፍ ያለ ሰው ግን ይሰማዋል። «አንድ ጊዜ ብቀዳ በዚያ የአንድ ቀን ትንፋሼ ዓመቱን ሙሉ ትሠራላችሁ። ነገ ጋሼ ጉንፋን ይዟቸው ሲመጡ ሳጥኑ ‹ዛሬ እርስዎ ዝም ይበሉ› ይላቸዋል? ሽቶ አልቅሳ ስትመጣ ያያታል? አልቀዳም።»

«እንግዲያው በያዝነው እንቀጥላለን» አለ ሥራ አስኪያጁና ቁልፉን ራሱ ተጫነው።

ተዋንያኑ ከልማድ የተነሳ ክብ ሠሩ። «ሳቡ…» አለ ሳጥኑ። ሳቡ። «ልቀቁ…» ለቀቁ። ግን ሁሉም ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። የሽቶ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ዘበኛው ጎረምሳ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። «ሳቡ… ኡፍ… ቆይ…»

ያበቃው እዚያ ላይ ነው። ጎረምሳው ጉንጩ ሙሉ የያዘውን አየር በአፍንጫው አወጣው፤ ሽቶ ቁጢጥ አለች፤ ጋሽ ነጎድጓድ «መጣ፣ መጣ» እያሉ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደገፉ። ሥራ አስኪያጁ ቅጂውን ትንሽ ወደ ፊት አሳለፈው። «እስቲ እጅ ወገብ ላይ… እግር ከፈት… እህህ… ተነሳን።» እትዬ መጋረጃ ገመዳቸው ላይ ተቀመጡ። ወደ ኋላ መለሰው። ባሰ። ማንም አንድ ትንፋሽ በትክክል መሳብ አልቻለም፤ ከእንግዲህም በዚያ ድምፅ የሚችል ሰው እንደማይኖር ሥራ አስኪያጁ ጭምር ገባው። ጣቱ ቁልፉ ላይ ቀረ። አጠፋው።

ከታች የተመልካቹ ጫጫታ ይሰማል። ጋሽ ነጎድጓድ በሳቅ ብዛት ድምፃቸው ሻክሯል።

«እሺ» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ሞተሯ ሳያይ። «ለዛሬ አንቺ ምሪያቸው።»

«ለዛሬ የለም።»

«ለጊዜው ደግሞ ከነጭራሹ የለም» አሉ ጋሽ ነጎድጓድ። በአንድ ትንፋሽ ነው ያሉት። «እሷ ካልተመለሰች እኔ መድረክ አልወጣም። ለዳኝነቱ ሳጥንህን አስቀምጠው።»

ሽቶ ቁጢጥ ካለችበት ተነሳች። «እኔም» አለች። ዘግይታም ቢሆን።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ጠቅ አደረገ። «ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ቦታዬን፤ በወረቀት፤ የእርስዎ ፊርማ ያለበት። ሚጢጢ ደግሞ ጡት እስክትተው እዚሁ ከእኔ ጋር ናት። ተመልካች ወደ ወንበሩ የሚጠራ ደወል ቸግሮን ነበር አይደል? ሳጥኑን ለእሱ ያድርጉት።»

ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ፣ ቆይቶም ሲወጣ ተሰማ። የመጣው በአሮጌ የቴአትር ማስታወቂያ ጀርባ ላይ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ነው። ሞተሯ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ «ለጊዜው» የሚል ቃል የትም ቦታ እንደሌለ አረጋግጣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሚጢጢን ለእትዬ መጋረጃ ሰጠች። በርጩማውን በእግሯ ወደ ግድግዳ ገፋችና በቦታው ቆመች።

ክቡ ተሠራ። መሬት የተጋደሙት ልጆች ሳይነገራቸው ተነስተዋል። ጋሽ ነጎድጓድ አዩአትና ፈገግ አሉ። «መጀመሪያ የራስሽን መንጋጋ ልቀቂው እንጂ ልጄ። ማንም አይወስድብሽም።»

«ወስዳችሁብኝ ነበር» አለች።

ማንም አልሳቀም። እሷም እንዲስቁ አልፈለገችም። አውራ ጣቶቿን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ፣ ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ፣ የከረመውን ንዴት እያሸች ወደ ታች አወረደችው። ሁሉም አልወረደም። የቀረውን ትንፋሽ አደረገችውና ከንፈሯን አላልታ ሞተሯን አስነሳች። ብርርርር። ክፍሉ ተከተላት። ከዚያ ሳቡ አለች፤ ጎድናቸው እስኪከፈት ጠበቀች፤ በመካከላቸው እየዞረች የአንዱን ትከሻ አወረደች፣ የአንዱን አገጭ መታ አደረገች፣ የጋሽ ነጎድጓድን ግራ ጎን በመዳፏ ይዛ «እዚህ፣ እዚህ ያስገቡት፤ አይሰስቱ» አለች።

ፍርዱ ሲደርስ ከመድረኩ ጎን ጨለማው ውስጥ ቆማ ሚጢጢን ታጠባለች። «በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት አባትህ ሆኜ አይደለም» ብለው ጀመሩ ጋሽ ነጎድጓድ፤ ንግግሩ እየረዘመ፣ ከፍ እያለ፣ ምንም ሳይቆርጠው ሄደ ሄደ። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። ሞተሯም ያዘች። መጨረሻው ቃል ላይ ሲደርሱ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ኡፍ አለ፤ ይሄኛው ኡፍ የተመልካቹ ነው፣ ቦታውም እዚያ ነው።

ከዚያ ዳኛው ሊወጡ ከወንበራቸው ተነሱ። እጃቸው ሳያውቁት ሄዶ ወገባቸው ላይ አረፈ፤ እግራቸው ከፈት አለ።

«እህህ» አሉ።

ሞተሯ ዓይኗን ጨፈነች። ነገ ከወገባቸው እንደምትጀምር ወሰነች፤ ከነገ ወዲያ በሽቶ፣ ከዚያ በዘበኛው። አንድ ወቅት ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሚጢጢን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረቻትና የራሷን መንጋጋ በጣቷ ፈተሸችው። አንዱ ጎን ገና አልላላም።